ስስ አየር፣ የጋለ ሞተር፦ የመኪና ሞተር አውሮፕላን ላይ ሲገጠም ለምን ይሞቃል?

ከጉደር ወደ ጌዶ የሚወጣውን ዳገት የሚያውቅ መንገደኛ ይህ ትዕይንት እንግዳ አይሆንበትም። ጭነት የበዛበት መኪና መንገድ ዳር ይቆማል፤ ኮፈኑ ይከፈታል፤ ነጭ እንፋሎት ወደ ላይ ይትጎለጎላል፤ ረዳቱ የውሃ ጀሪካን ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሾፌሩ ግን አይጣደፍም። የራዲያተር ክዳን በትኩሱ ቢከፈት ፊት እንደሚያቃጥል ያውቃልና ሞተሩ እስኪበርድ ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። ግማሽ ሰዓት ይጠፋል እንጂ ሕይወት አይጠፋም።

የመኪና ሞተር አውሮፕላን ላይ ተገጥሞ፣ ከመሬት መቶ ሜትር ከፍ ብሎ ሳለ ቢፈላስ? በሰማይ ላይ መንገድ ዳር የለም፤ ጥላ ፈልጎ መቀመጥም የለም። በዚህም ምክንያት የመኪና ሞተርን ለውጠው በገዛ እጃቸው አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች ሞተሩን ከማስነሳት ይልቅ ማቀዝቀዙ ይበልጥ ሲፈትናቸው ይታያል።

ጉዳዩ ከግብርና ዘገባ የራቀ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ አውሮፕላን ሠሪውን የሚፈትነው የሙቀት ሕግ በጉደርና በሁሉቃ ወንዞች ዳር የመስኖ ሞተር የሚያስነሳውን አርሶ አደርም ይገዛዋል። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ስስ የደጋ አየር ውስጥ ነው።

ሁለት አውሮፕላኖች፣ አንድ ጥያቄ

በአገራችን አውሮፕላን የመሥራት ሙከራ አዲስ አይደለም። በንጉሠ ነገሥቱ ጀርመናዊ አብራሪና መሐንዲስ በሉድቪግ ቬበር መሪነት አዲስ አበባ ላይ የተሠራችው «ፀሐይ» በ1928 ዓ.ም. በረራ አድርጋለች። ስሟን ያገኘችው ከልዕልት ፀሐይ ነው። በወረራው ጊዜ ወደ ኢጣሊያ ተወስዳ ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት በሙዚየም ከቆየች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች።

ፀሐይን ያበረራት ቫልተር ቬኑስ የተባለ፣ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው የቼክ ሞተር ነበር። ሰባቱ ሲሊንደሮቹ እንደ ጋሪ መንኮራኩር ዘንጎች በክብ ተደርድረው ፊት ለፊት ለነፋስ የተጋለጡ ናቸው። ራዲያተር የለውም፤ የሚያቀዘቅዘው ፕሮፔለሩ የሚገፋው አየርና አውሮፕላኗ ስትበር የሚገጥማት ነፋስ ነው። ለአውሮፕላን ተብሎ የተሠራ ሞተር በመሆኑ የማቀዝቀዙ ጉዳይ የታሰበበት ገና ከንድፉ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከእኛ ዘመን ነው። አስመላሽ ዘፈሩ የተባለ ኢትዮጵያዊ ከመጻሕፍትና ከኢንተርኔት ራሱን እያስተማረ «ኬ-570ኤ» የተባለች ትንሽ አውሮፕላን ሠርቷል። «ኬ» ከእናቱ ስም የተወሰደ ፊደል ሲሆን 570 ደግሞ ሥራው የፈጀውን ቀናት ይገልጻል። ሞተሩ ከቮልስዋገን መኪና የተወሰደ ነው። በ2007 ዓ.ም. ያደረገው የመጀመሪያ የበረራ ሙከራ ባይሳካም፣ አንድ ሰው በራሱ ጥረት እዚህ መድረሱ ከአገር አልፎ የዓለም መገናኛ ብዙኃንን ትኩረት ስቧል።

በሁለቱ አውሮፕላኖች መካከል ያለው ልዩነት መሠረታዊ ነው። የፀሐይ ሞተር የተወለደው ለሰማይ ነበር። የኬ-570ኤ ሞተር ግን የተወለደው ለመንገድ ነው። የመንገድን ሞተር ለሰማይ ሥራ ማብቃት ምን ይጠይቃል የሚለውን ለመረዳት ከሁሉ አስቀድሞ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ማየት ይገባል።

መኪና ያርፋል፣ አውሮፕላን አያርፍም

አንድ ቤት መኪና በሜዳ ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ የሚጠቀመው ጉልበት 20 የፈረስ ጉልበት ገደማ ብቻ ነው። ሞተሩ መቶና ከዚያ በላይ የማመንጨት ዐቅም ቢኖረውም ሙሉ ጉልበቱን የሚያወጣው ለመቅደም ሲሞክር ወይም ዳገት ሲገጥመው፣ ያውም ለአጭር ጊዜ ነው። የመኪናው ራዲያተርም የተመጠነው ለዚህ አኗኗር ነው።

አውሮፕላን ሲነሣ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ያወጣል፤ ከፍታ እስኪይዝም በዚያው ይቆያል። ከፍታውን ይዞ በእርጋታ ሲጓዝ እንኳ ከጉልበቱ ከ65 እስከ 75 በመቶ የሚሆነውን ያለ ዕረፍት ይጠቀማል። ነገሩ በዓመት አንድ ቀን ዳገት የሚወጣን ሰው ዕድሜ ልኩን ተሸካሚ እንደ ማድረግ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያርስ ትራክተር ከቤት መኪና ይልቅ ትልቅ ራዲያተር የተሰጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

የሙቀቱን መጠን በቁጥር እንመልከተው። ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ በግምት አንድ ሦስተኛው ብቻ ወደ ሥራ ይለወጣል። ሌላው አንድ ሦስተኛ በጭስ ማውጫው በኩል ይወጣል። የቀረው ሲሶ በሞተሩ አካል ውስጥ ይቀርና በውሃ፣ በዘይት ወይም በአየር መወሰድ ይኖርበታል። ስለዚህ 160 የፈረስ ጉልበት ማለትም 120 ኪሎ ዋት ገደማ የሚያወጣ ሞተር፣ ያንኑ የሚያህል ሙቀት በየሰከንዱ ከአካሉ ማስወገድ አለበት ማለት ነው።

አንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይወስዳል። በአንድ ጠባብ ኮፈን ውስጥ ከሠላሳ በላይ ምጣዶች ባንድ ጊዜ ሲግሉ በዐይነ ኅሊና መሳል ነው። ያ ሙቀት መውጫ ካላገኘ የሚያበላሸው ሞተሩን ነው።

ሮታሪ ሞተር ምንድን ነው? ለምንስ ይግላል?

በአሜሪካ፣ በካናዳና በአውስትራሊያ የግል አውሮፕላን ሠሪዎች ለረጅም ጊዜ ከተመራመሩባቸው የመኪና ሞተሮች አንዱ ሮታሪ የሚባለው ነው። ጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንክል የፈለሰፈው ይህ ሞተር ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ፒስተን የለውም። በምትኩ ሦስት ማዕዘን ያለው ሮተር፣ ወገቡ ጠበብ ባለ ሞላላ ቤት ውስጥ ይሽከረከራል። የጃፓኑ ማዝዳ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1967 «ኮስሞ ስፖርት» በተባለው መኪናው ላይ ገጥሞ ካወጣው በኋላ በ«አርኤክስ-7» መኪናዎች አማካይነት በስፋት አሠራጭቶታል።

ሠሪዎቹ ይህን ሞተር የሚወዱበት ምክንያት ግልጽ ነው። «13ቢ» የሚባለው የማዝዳ ሞተር 1.3 ሊትር ብቻ ይዞ በአውሮፕላን ላይ 160 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ያወጣል። ትንሽ ቦታ ይይዛል፤ ዋና ዋና ተንቀሳቃሽ አካላቱም ሁለት ሮተሮችና አንድ ዘንግ ናቸው። የሚሰበር ቫልቭ የለውም። በደቂቃ 6,000 ጊዜ ያህል የሚዞር በመሆኑ ግን የፕሮፔለሩን ዙር ከግማሽ በታች የሚያወርድ ማርሽ ያስፈልገዋል።

ሙቀቱን በተመለከተ ይህ ሞተር ሦስት ልዩ ጠባዮች አሉት።

የመጀመሪያው የሙቀቱ አለመመጣጠን ነው። በፒስተን ሞተር ቀዝቃዛው አየር የሚገባውም ሆነ ነዳጁ የሚቃጠለው በዚያው በአንዱ ሲሊንደር ውስጥ በመሆኑ ግድግዳው ተራ በተራ ይሞቃል፣ ይበርዳል። በሮታሪ ሞተር ግን አየር የሚገባበት ጎን ሁልጊዜ ቀዝቃዛ፣ ነዳጅ የሚቃጠልበት ጎን ሁልጊዜ ትኩስ ነው። አንዱ ጎን እየሰፋ ሌላው ባለበት ሲቀር ቤቱ የመጣመም ዝንባሌ ያሳያል።

ሁለተኛው የዘይቱ ድርሻ ነው። ሮተሩ ከውስጥ በኩል የሚቀዘቅዘው በሚረጭበት ዘይት ነው። በዚህ የተነሣ በማቀዝቀዣ ከሚወሰደው ሙቀት አንድ ሦስተኛ ያህሉን የሚሸከመው ዘይቱ ነው። ለውሃው ትልቅ ራዲያተር ገጥሞ ለዘይቱ አነስተኛ ማቀዝቀዣ የሰጠ ሠሪ ግማሽ ቤት ሠርቶ ክረምትን እንደሚጠብቅ ሰው ይሆናል።

ሦስተኛው የማሸጊያዎቹ ጉዳይ ነው። ሞተሩ የአሉሚኒየምና የብረት ክፍሎች እንደ ዳቦ ተነባብረው በረጃጅም ቡሎኖች የታሰሩበት ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት የበለጠ ይሰፋል። በክፍሎቹ መካከል ውሃውን የሚያግዱት የጎማ ማሸጊያዎች ከመጠን ያለፈ ሙቀት ከደረሰባቸው ይጨፈለቃሉ፤ ውሃውም ወደ ማቃጠያው ክፍል ይሰርጋል። አንድ ጊዜ ክፉኛ የፈላ ሮታሪ ሞተር ሙሉ በሙሉ ሳይፈታ ጤናው አይመለስም የሚባለው ለዚህ ነው። የፒስተን ሞተር የሚያውቅ መካኒክ ቴስታታው ሲጣመም ጓርኒሲዮን እንደሚቃጠል ያውቃል፤ ይህም የዚያ ዘመድ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ሮታሪ ሞተር ለሰማይ አይሆንም ማለት አይደለም። «ኤኤስኤች 26ኢ» የተባለው የጀርመን ባለ ሞተር ተንሸራታች አውሮፕላን ከፋብሪካ ይወጣ የነበረው ሮታሪ ሞተር ተገጥሞለት ነው። ችግሩ ያለው የማቀዝቀዣው ሥርዓት ለመኪና የተመጠነ ሆኖ ሲቀር ነው።

የደጋው ፈተና

እስካሁን የተነገረው በባሕር ዳርቻም የሚሠራ ሕግ ነው። ወደ ምዕራብ ሸዋ ስንመጣ ተጨማሪ ፈተና ይገጥመናል።

አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው። በሞቃት የበጋ ቀትር፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር ከመደበኛው የባሕር ወለል አየር በክብደት ሩብ ያህል ይቀልላል። ሙቀትን ተሸክሞ የሚወስደው የአየሩ ክብደት እንጂ ስፋቱ አይደለም። አየሩ በቀለለ ቁጥር ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ብዙ አየር ማሳለፍ ግድ ይላል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። በማቀዝቀዣው ውስጥ የሚያልፈው አየር 40 ዲግሪ እየሞቀ ይወጣል ብንል፣ 120 ኪሎ ዋት ሙቀት ለማስወገድ በየሰከንዱ 3 ኪሎ ግራም አየር ያስፈልጋል። ይህ በባሕር ጠረፍ 2.5 ሜትር ኩብ ያህል ሲሆን በአምቦ ቀትር ግን 3.25 ሜትር ኩብ ይደርሳል። በየሰከንዱ ባለ 200 ሊትር በርሜል ዐሥራ ስድስት ጊዜ ሞልቶ በራዲያተሩ ውስጥ እንደ ማሳለፍ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ትክክለኛ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። በስስ አየር ውስጥ ሞተሩም ጉልበቱ ይቀንሳልና የሚያወጣው ሙቀትም አይቀንስም ወይ? እውነት ነው፤ ተርቦ ያልተገጠመለት ሞተር በአምቦ ከፍታ ጉልበቱን አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ ሙቀቱም አብሮ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ጉልበት ያነሰው አውሮፕላን ከመሬት ለመነሣት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ከፍታ ለመያዝም ብዙ ደቂቃ ይወስድበታል። ሞተሩ በሙሉ ጉልበት፣ አውሮፕላኑ በዝግታ የሚሄድበት ጊዜ ይረዝማል። ለማቀዝቀዝ ከሁሉ የከፋው ጊዜም ይኸው ነው። ጉልበቱን ለመመለስ ተርቦ የገጠመ ሠሪ ደግሞ ሙቀቱን ሙሉ በሙሉ መልሶ አየሩን ግን እንደ ሳሳ ያገኘዋል።

ሌላው የከፍታ ጣጣ የመፍያው ነጥብ ነው። የደጋ ባለሙያ እናቶች ሽሮና ባቄላ በከፍታ ቦታ ቶሎ እንደማይበስል ያውቃሉ። ምክንያቱ ውሃ በአምቦ ከፍታ በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ መፍላቱ ነው። በራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ ቶሎ እንዳይፈላ የሚጠብቀው ክዳኑ ነው። 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ጤነኛ ክዳን የመፍያውን ነጥብ በአምቦ ወደ 115 ዲግሪ ያደርሰዋል። ክዳኑ ጎማው አልቆ ግፊት መያዝ ካቃተው ግን 22 ዲግሪ የነበረው የደኅንነት ርቀት ባንድ ጊዜ ይጠፋል። ብዙ ዋጋ የማያወጣው ክዳን በአውሮፕላን ላይ ይህን ያህል ይመዝናል።

ከውሃው ጋር የሚደባለቀው ፀረ በረዶ ፈሳሽም በአገራችን ደጋ ዋና ጥቅሙ ብርድን መከላከል ሳይሆን ዝገትን ማስቀረትና የመፍያውን ነጥብ ከፍ ማድረግ ነው። ማዕድን የበዛበት የምንጭ ውሃ ግን ለራዲያተር አይበጅም። ለጉሮሮ የሚጣፍጠው የአምቦ ውሃ ሲሞቅ ማዕድኑን እንደ ኖራ በቱቦዎቹ ግድግዳ ላይ ይተዋል፤ ጋዙም አረፋ ይሆናል። አረፋ ያለበት ቦታ ውሃ የለም፤ ውሃ የሌለበት ብረት ደግሞ ይቃጠላል። አውሮፕላን ሠሪዎች ከማቀዝቀዣው ሥርዓት ከፍ ባለው ነጥብ ላይ አየር ማስወጫ የሚያበጁት ተራ ውሃም ሲሞላ አየር ታፍኖ እንዳይቀር ነው።

አየርን እንደ መስኖ ውሃ መምራት

ብዙ ጀማሪ ሠሪዎች ሞተራቸው ሲግል መጀመሪያ የሚያደርጉት የኮፈኑን የፊት ቀዳዳ ማስፋት ነው። ውጤቱ ብዙ ጊዜ ያሳዝናል፤ ቀዳዳው ሰፍቶ ሙቀቱ አይቀንስም፤ አውሮፕላኑ ግን በተጨማሪ የነፋስ ግጭት ፍጥነቱን ያጣል።

ምክንያቱን መስኖ የሚያጠጣ አርሶ አደር በቀላሉ ይረዳዋል። ውሃ የሚሄደው በቀለለው መንገድ ነው። ዋናው ቦይ አንድ ቦታ ላይ ከተሸነቆረ፣ የወንዙን ጠለፋ ምንም ያህል ብናሰፋው ውሃው በሽንቁሩ ፈሶ ያልቃል እንጂ ማሳው አይጠጣም። አየርም እንዲሁ ነው። የራዲያተሩ ጥቃቅን ክፍተቶች ለአየር ጠባብ መንገድ ናቸው። በራዲያተሩና በኮፈኑ መካከል ሁለት ጣት የምታሾልክ ክፍተት ካለች አየሩ ራዲያተሩን ትቶ በዚያች ያመልጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቀዳዳ ማስፋት ሳይሆን ክፍተት መድፈን ነው።

ሁለተኛው ሥራ የቦዩ ቅርጽ ነው። በፍጥነት የሚወርድ ውሃ ቦዩ ቀስ በቀስ ሲሰፋለት እንደሚረጋ ሁሉ፣ በትንሽ ቀዳዳ የገባ አየርም ቦዩ ቀስ እያለ ሲሰፋለት ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የቀነሰው ፍጥነት ወደ ግፊት ይለወጣል። ያ ግፊት አየሩን በራዲያተሩ ገጽ ሁሉ እኩል ይገፋዋል። በደንብ የተሠራ የአየር ቦይ ካለ የፊቱ ቀዳዳ ከራዲያተሩ ገጽ ሩብ ወይም ሲሶ ቢሆን ይበቃል። ቦዩ ድንገት ከሰፋ ግን አየሩ ከግድግዳው ተላቆ ይዞርና በራዲያተሩ መካከል ብቻ ያልፋል፤ ጠርዙ ሥራ ፈትቶ ይቀራል።

ሦስተኛውና ብዙዎች የሚረሱት የአየሩ መውጫ ነው። ያልወጣ አየር አዲስ አየር አያስገባም። አየሩ ራዲያተሩን ሲያልፍ ስለሚሞቅ ይሰፋል፤ መውጫውም ለሰፋው አየር መበቃት አለበት። መውጫው ነፋስ በሚገፋበት ቦታ ላይ ከተከፈተ አየሩ ወደ ኋላ ይመለሳል። በዚህ የተነሣ ጥሩ ሠሪዎች አውሮፕላኑ ሲወጣ የሚከፈት፣ በእርጋታ ሲጓዝ የሚጠብ ክዳን በመውጫው ላይ ይገጥማሉ።

ይህ ዕውቀት አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሜሬዲዝ እ.ኤ.አ. በ1935 ባቀረበው ጥናት፣ በመልካም ቦይ ውስጥ የተቀመጠ ራዲያተር አውሮፕላኑን ከመጎተት ይልቅ የሞቀውን አየር ወደ ኋላ እያስፈነጠረ በመጠኑ ሊገፋው እንደሚችል አሳይቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዝነኛ የነበረው «ፒ-51 ሙስታንግ» ተዋጊ አውሮፕላን በሆዱ ሥር የተሸከመው የራዲያተር ቦይ በዚህ ሐሳብ ተጠቅሟል።

የራዲያተሩ ምርጫም ከቦዩ ጋር ይያያዛል። የመኪና ራዲያተር ስስና ሰፊ ነው፤ የአውሮፕላን አፍንጫ ግን ጠባብ ነው። በመሆኑም አንዳንድ የሮታሪ አውሮፕላን ሠሪዎች በመኪና አየር ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚገኘውን ትንሽና ወፍራም ኢቫፖሬተር ለራዲያተርነት ተጠቅመውበታል። ወፍራም ራዲያተር አየር ለማሳለፍ የበለጠ ግፊት ይፈልጋልና ቦዩ ካልሠመረ አይሠራም።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የአየርን ነገር መጀመሪያ የተማረችው ከአውሮፕላን ሳይሆን ከአውድማ ነው። በኮሌጅ የመስክ ልምምድ ወቅት የስንዴ መውቂያ የሚያዞረው ትራክተር ደጋግሞ ፈላ። እኛ ተማሪዎች ሦስት ጊዜ ውሃ ሞላንለት፤ ሦስት ጊዜ ፈላ። በመጨረሻ አንድ አንጋፋ የትራክተር ኦፕሬተር መጥተው ውሃውን ሳይነኩ የራዲያተሩን ፊት በእጃቸው ዳሰሱት። እብቅ እንደ ምንጣፍ ሸፍኖት ነበር። በመጥረጊያ አራግፈው ሲያስነሱት እስከ ማታ ሠራ። ውሃው ሙሉ ነበር፤ የጎደለው አየር ነበር።

ራዲያተር የሌለው ሞተርስ?

እንደ ኬ-570ኤ ያሉ በቮልስዋገን ሞተር የሚበሩ ትናንሽ አውሮፕላኖች ራዲያተር አያስፈልጋቸውም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአውሮፓ «ድሩዊን ተርቡለንት»ን የመሳሰሉ ባለ አንድ መቀመጫ አውሮፕላኖች በዚህ ሞተር ተሠርተዋል። ሞተሩ ቀላል ነው፤ ፕሮፔለሩንም ያለ ማርሽ በቀጥታ ማዞር ይችላል።

በመኪናው ላይ ግን ይህን ሞተር የሚያቀዘቅዘው ነፋስ አይደለም። ሞተሩ ከኋላ ተሸሽጎ የተቀመጠ ስለሆነ አንድ ማራገቢያ በቆርቆሮ ልባስ ውስጥ አየር እየገፋ በሲሊንደሮቹ ሽንሽኖች መካከል ያሳልፋል። አውሮፕላን ሠሪው ክብደትና ጉልበት ለመቆጠብ ማራገቢያውን ከነልባሱ ያወልቀዋል። ያን ጊዜ የማራገቢያውን ሥራ የሚተካለት ነፋስ ብቻ ሳይሆን ነፋሱን በሽንሽኖቹ መካከል እንዲያልፍ የሚያስገድደው ቆርቆሮም ያስፈልገዋል። ቆርቆሮ ካልተበጀ አየሩ በሲሊንደሮቹ ላይ ተንሸራቶ ያልፋል፤ የፊተኛው ሲሊንደር ሲበርድ የኋለኛው ይግላል። አንድ ሲሊንደር ብቻ መጋሉ ሞተሩን ለማቆም ይበቃል።

ከመብረር በፊት መለካት

የማቀዝቀዣ ሥራ በግምት አይጠናቀቅም። ልምድ ያላቸው ሠሪዎች የውሃውን፣ የዘይቱንና የየሲሊንደሩን ሙቀት የሚያሳይ መለኪያ ይገጥማሉ፤ ከራዲያተሩ በፊትና በኋላ ያለውን የአየር ግፊትም ይለካሉ። አውሮፕላኑን መሬት ላይ አስረው በሙሉ ጉልበት ያስነሱታል። በቆመበት የሚያገኘው የፕሮፔለሩን ነፋስ ብቻ ስለሆነ ይህ ፈተና አጭር መሆን ይኖርበታል። ቀጥሎ በሜዳው ላይ ያለ በረራ ያሽከረክሩታል። መለኪያው ሳይረጋ መነሣት ዕጣ መጣል ነው።

በአየር ላይ ሙቀቱ ከወሰኑ ማለፍ ቢጀምር የመጀመሪያው እርምጃ አፍንጫውን ዝቅ ማድረግና ጉልበቱን መቀነስ ነው። አፍንጫው ዝቅ ሲል ፍጥነት ይጨምራል፣ ብዙ አየር ይገባል፤ ጉልበት ሲቀንስ ሙቀቱ ይወርዳል። ይህን ለማድረግ ግን ከሥር የተረፈ ከፍታ መኖር አለበት። ከተነሡ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች ያ ከፍታ የለም። አደጋው ያለው በእነዚያ ደቂቃዎች ነው። ማንኛውም በረራ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ የሚጠይቀውም አብራሪውን ብቻ ሳይሆን በሥሩ ያለውን ሰውና ከብት ለመጠበቅ ነው።

የበረራ ሕልም ያላቸው ወጣቶች በአምቦም ሆነ በሌሎች የዞኑ ከተሞች ሲነሡ ማየት ያስደስታል። አምቦ ዩኒቨርሲቲ በሀጫሉ ሁንዴሳ ካምፓሱ የምህንድስና ትምህርት ይሰጣል። የሙቀት ስሌቱ ግን ሰማይ ሳይደርስ መሬት ላይ፣ መለኪያ ይዞ ሊሞከር የሚችል ነው። ለመጀመሪያ ሙከራ የሚሆን ሞተር ደግሞ በየወንዙ ዳር አለ።

ለመስኖ ሞተራችን የሚሆን ትምህርት

በበጋ መስኖ አርሶ አደሮች ከሚጠቀሙባቸው ትናንሽ የቤንዚን ሞተሮች አብዛኞቹ እንደ ቮልስዋገን ሞተር በአየር የሚቀዘቅዙ ናቸው። የመስኖ ሞተር የአኗኗር ጠባዩ የአውሮፕላን ነው፤ ከተነሣ ማሳው እስኪጠጣ ድረስ ያለ ዕረፍት በከፍተኛ ጉልበት ይሠራል። ስለዚህ ለአውሮፕላን ሠሪው የተነገረው ሁሉ ለእርሱም ይሠራል።

በሲሊንደሩ ሽንሽኖችና በማራገቢያው ወንፊት ላይ የሚጠራቀም ጭቃ፣ ዘይትና ገለባ ሞተሩ በበረደ ጊዜ መጥረግ አለበት። ከማራገቢያው ጋር የሚመጣው የቆርቆሮ ወይም የፕላስቲክ ልባስ ቢሰነጠቅ እንደ ጌጥ ቆጥሮ መጣል አይገባም፤ አየሩን የሚመራው ቦይ እርሱ ነው። ሞተሩን ከፀሐይና ከሌባ ለመከለል በጠባብ ጉድጓድ ወይም በዝግ ጎጆ ውስጥ ማስነሣት ያወጣውን ትኩስ አየር መልሶ እንዲስብ ያደርገዋል። ጥላ ካስፈለገ ጎኑ ክፍት የሆነ ዳስ ይበቃል። የዘይቱን ልክ ሳያዩ ማስነሣትም ክልክል ነው፤ ዘይት ከማለስለስ በተጨማሪ ሙቀት ተሸካሚ መሆኑን ከሮታሪው ሞተር አይተናል። በውሃ የሚቀዘቅዝ የናፍጣ ሞተር ያለው ደግሞ የራዲያተሩን ክዳን ጎማ ይመልከት፤ ማዕድን የበዛበት የምንጭ ውሃም አይሙላበት።

በየካቲት ቀትር፣ ሽንኩርቱ ውሃ በሚጠማበት ሰዓት የተቃጠለ ሞተር ሰው አይገድል ይሆናል። የአንድ ቤተሰብን የበጋ ምርት ግን ይዞ ይሄዳል። ውሃ ከመጨመር በፊት አየሩ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ጎንበስ ብሎ ማየት የሚጠይቀው ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው።